አፈንጋጭ ቁጥር

ፈድሊያ አባ ዱራ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ወደ ጅማ ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነበር። መጽሐፎቹ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ስለ ሰው ጠባይና ስለ ቁጥር የሚያወሩ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ መድና፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ካርቶኑ ከጋሪ ሲወርድ እያዩ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ አራት ዓመት ምን ተምራ መጣች ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?» አሏት።

«የሰውን ስሜት በቁጥር መለካት በያቸው።»

«ያ ረቢ! እሱን ደግሞ ማን ይችለዋል?» ብለው ሳቁ።

ፈድሊያ ግን ይቻላል ብላ ታምን ነበር። ሰው ሲናገር ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ለሚያዳምጠው ብሎ ያሳምራል፤ በደንብ የተጠየቀ ጥያቄና በትክክል የተመረጠ ናሙና ግን እውነቱን ያወጣሉ ትላለች። በሃያ አምስት ዓመቷ በአንድ የጥናት ክፍል ውስጥ ተቀጠረች። ክፍሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ካልኩሌተርና አቶ ከተማ የሚባሉ ኃላፊ ነበሩት። አቶ ከተማ ድሮ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ፣ መነጽራቸውን ሲያወልቁ የደከሙ፣ ሲያደርጉ ደግሞ የፈሩ የሚመስሉ ሰው ናቸው። በስብሰባ ላይ «ጓድ ከተማ» ትላቸዋለች፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ «ጋሼ»።

በ1979 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ከነበሩበት ተነሥተው በአዲስ መንደር የተሰበሰቡ ገበሬዎች ስለ ኑሯቸው ምን እንደሚሰማቸው ይጠና፤ ዘገባው «ሰፊው ሕዝብ በሚገባው አማርኛ» ይጻፍ፤ የባዕድ ቃል አይግባበት የሚል ነበር። ፈድሊያ ደስ አላት። ያን ሁሉ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የምታመጣበት ሰበብ አገኘች። ከቃላቱ ጋር ስትታገል ሰነበተች። ናሙና ቀላል ነበር፤ ቡና ገዢ ከጆንያው እፍኝ አውጥቶ እንደሚያየው ነው። አማካይ የሚለው ቃል ድሮም ነበረ። አንዱ ሲጨምር ሌላውም የሚጨምርበትን ወይም የሚቀንስበትን ግንኙነት ተዛምዶ አለችው። መልሶች ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚለካውን ልይይት ብላ ሰየመችው። ሳይጠና የሚገመተውን፣ ጥናቱ የሚያጸናውን ወይም የሚያፈርሰውን ግምት መላምት አለችው።

ያስቸገራት አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ አንድ አካባቢ ተሰብስበው ሳለ ብቻውን ርቆ የሚገኘው ቁጥር ምን ይባል?

«ወጣ ያለ ቁጥር ብንለውስ?» አሉ አቶ ከተማ።

«እሱ ይላላል ጋሼ። ይኼ እኮ ከመካከላቸው ተገንጥሎ በራሱ መንገድ የሄደ ነው። አፈንጋጭ እንበለው።»

አቶ ከተማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቃሉ ጠንከር አላለም?»

«ይጠንክር። ሰው የሚያውቀው ቃል ነው።»

በዘገባው መጨረሻ ለሚገባው የቃላት መፍቻ በራሷ እጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አፈንጋጭ፦ ከሌሎቹ መልሶች እጅግ የራቀ፣ አማካዩን የሚያዛባ ቁጥር። ከመወገዱ በፊት ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል።» ጽፋ ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችው። ጥሩ አማርኛ ነበር።

*

ጥናቱ እንዲደረግ የተወሰነበት መንደር ከሸቤ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ነበር። በወረቀት ላይ ስሙ አዲስ ሕይወት ነው፤ ገበሬው ግን ዝም ብሎ «መንደር» ይለዋል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ባንድ ሜዳ ላይ በገመድ እንደተለኩ በረድፍ ቆመዋል። የሁሉም በር ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ዛፍ የለም። ገበሬዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እያንዳንዳቸው በየቡና ተክላቸው መካከል፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ነበር የሚኖሩት። ኅዳር ነበር፤ ቡናው ቀልቶ የሚለቀምበት ወር። ሰዉ ከንጋት በፊት ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ወደ ቀድሞ ቦታው ይሄዳል፤ ሲደርስ ዝንጀሮ ቀድሞት ያገኘዋል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አብደላ ይባላል፤ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ቀጭንና ጥንቁቅ ሰው ነው። ፈድሊያ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ሰውን ሰብስባ በኦሮምኛ አስረዳች። ሁሉንም ቤት መጠየቅ ስለማይቻል ሰማንያ ቤት በዕጣ ይመረጣል፤ ማንም ማንንም አይመርጥም፤ እያንዳንዱ ቤት እኩል ዕድል አለው፤ የማንም ስም አይጻፍም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ የበሮቹን ቁጥር ጽፋ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ጨመረችና በሁሉም ፊት አንድ በአንድ አወጣች። በእያንዳንዱ መጠይቅ ራስ ላይም ያወጣችውን ቁጥር ጻፈች። ስም እስካልተጻፈ ድረስ ቁጥር ምን ያደርጋል? ያን ጊዜ እንዲህ ነበር ያሰበችው።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ከጣሳው የወጣው በእሷ እጅ ነው።

የቤቱ ባለቤት አቶ ሙሐመድሳኒ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ጀርባቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ፈድሊያ ስትደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠይባ ደጅ ላይ ቡና እያሰጡ ነበር፤ ያመጡት ቡና ከአንድ ሰሌን አያልፍም። ሊቀመንበር አብደላ እንደ ሌላው ቤት ሁሉ ተከትሏት ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እስካሁን በገባችባቸው አርባ ምናምን ቤቶች እንዲሁ ቆሞ ነበር፤ መልሱም ሁሉ አምስት፣ አምስት፣ አምስት ነበር። ፈድሊያ ይኼ ነገር መጽሐፏ ላይ የተጻፈ ስሕተት መሆኑን ታውቃለች፤ የሚያይ ዓይን ባለበት የሚሰጥ መልስ መልስ አይደለም። እስከዚያ ድረስ አፍራ ዝም ብላ ነበር። በዚህ ቤት ግን ድፍረት አገኘች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዚህ በኋላ ብቻዬን ልጠይቅ። የጥናቱ ደንብ ነው» አለችው።

አብደላ አያት፤ ሽማግሌውንም አያቸው። ከዚያ ወጣ።

ፈድሊያ መጠይቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መመሪያውን ማስረዳት ጀመረች። «አባ፣ አሥር ጥያቄ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጡኛል። አምስት ማለት በጣም ደስ ብሎኛል ነው፤ አንድ ማለት በጣም ከፍቶኛል።»

«የምትፈልጊው እውነቱን ነው ወይስ ቁጥሩን?» አሉ አቶ ሙሐመድሳኒ።

«እውነቱን በቁጥር።»

«የሚሰማው ማነው?»

«ማንም። ስምዎ አይጻፍም።»

«ወላሂ በይ።»

በጥናት ላይ መማል የተለመደ አይደለም። «ወላሂ» አለች ፈድሊያ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ቶኮ። አንድ ጻፊ።»

«ጥያቄውን ገና አላነበብኩም፣ አባ።»

«አንብቢው።»

አነበበች። ስለ ቤቱ ጠየቀቻቸው፤ አንድ አሉ። ስለ ውኃው፤ አንድ። ወደ እርሻ ስላለው ርቀት ስትጠይቃቸው እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉና የተሰነጣጠቀውን ተረከዛቸውን አሳይተዋት አንድ አሉ። ወይዘሮ ጠይባ ከደጅ ሆነው ሰምተው ገቡ።

«ምነው ሰውዬ! አንቺ ልጅ፣ አምስት ጻፊለት። ትኩሳት ይዞት ነው የሚቀባጥረው።»

«ትኩሳት የለብኝም» አሉ ሙሐመድሳኒ ረጋ ብለው። «አባቴ የተከለው ቡና ነበረኝ። ሌሊት ተነሥቼ ስወጣ ራሴን የሚነካኝ ቅጠሉ ነበር። አሁን ደጄ ላይ ቆሜ የማየው የጎረቤቴን በር ነው። ይቺ ልጅ ስንት ነህ ብላ ጠየቀችኝ፤ አንድ ነኝ። ከአንድ በታች ካለ እሱን ጻፊ።»

«ከአንድ በታች የለም» አለች ፈድሊያ።

አሥሩንም አንድ ብለው ጨረሱ። ስትወጣ ወይዘሮ ጠይባ እስከ መንገዱ ሸኟት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወረቀቶቹን ብቻ ያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቀሩት ቤቶች አብደላ ገብቶ ባይቆምም መልሱ አልተለወጠም። ወሬው ቀድሟት ይሁን ወይም ሰዉ የራሱ ጥርጣሬ ይዞት፣ ፈድሊያ አላወቀችም።

*

ጅማ ተመልሳ ሁለት ሳምንት ቁጥር ስትደምር ቆየች። በሰፊ ወረቀት ላይ መስመር አስምራ ሰማንያ ረድፍ ሠራች። አማካዩ አራት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ። ከሁሉም በላይ የተደጋገመው መልስ አምስት ነበር። መልሶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ብትደረድራቸው መካከል ላይ የሚውለውም አምስት ነው። ከሁለት መቶ አሥራ አራት በቀር የሰዉ ሁሉ መልስ አምስት ላይ፣ አልፎ አልፎም አራት ላይ ተጣብቋል፤ ልይይት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ስሌቱን ተሳስቼ ነው ብላ ደገመችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰማንያ ሰዎች ስለ ዝናብ እንኳ ቢጠየቁ አንዱ በዛ ሌላው አነሰ ይላል። የባልና የሚስት ሐሳብ እንኳ ባንድ ጥያቄ ላይ ይለያያል። ሰባ ዘጠኝ ሰው በአሥር ጥያቄ ላይ እኩል ደስተኛ ከሆነ የተለካው ደስታ አይደለም። ፍርሃታቸውን ነው የለካሁት አለች ለራሷ።

ወረቀቱን ይዛ አቶ ከተማ ዘንድ ገባች። እሳቸው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ቁጥር አንባቢ ናቸውና ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ይቺን አውጫት» አሉ ጣታቸውን ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ አድርገው።

«ለምን?»

«አፈንጋጭ ናት። ራስሽ የሰጠሻት ስም ነው። አንድ መስመር ብትጎድል ጥናቱ ምንም አይሆንም።»

«ምንም አይሆንም ጋሼ? ከሰማንያው ውስጥ የማምነው እሷን ብቻ ነው። የሌላው ልይይት ስለጠፋ ውጤቱ ሊታመን አይችልም ብዬ መጻፍ አለብኝ። ቢያንስ ይቺ መልስ ትታይ። ይቺን ካወጣሁ ምን ተማርኩ?»

አቶ ከተማ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ፈድሊያ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ይኼ ሳይንስ ነው። እነሱ ቁጥር አይገባቸውም፤ ሽፋኑንና መደምደሚያውን አይተው ይመልሱታል።»

«ቃሉ ግን ይገባቸዋል» አሉ አቶ ከተማ። ግን አልተከራከሩም። ሥራ ላይ የሚከራከሩበትን ዕድሜ ያለፉ ሰው ነበሩ። ዘገባው ተተይቦ ሲመጣ ሳያነቡ ፈረሙበት። በአሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ፈድሊያ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «ከቁጥር 214 በስተቀር በመልሶቹ መካከል ልይይት ባለመኖሩ፣ ተጠያቂዎቹ በነፃነት መልሰዋል ለማለት ያስቸግራል። ቁጥር 214 አፈንጋጭ ቢሆንም ከሁሉም ይልቅ ታማኝ መልስ ሆኖ ተገኝቷል።»

ዐረፍተ ነገሩን ስትጽፍ ኩራት ተሰምቷት ነበር። በኋላ በሕይወቷ ሁሉ ከማንኛውም ነገር በላይ ያፈረችበት ያን ኩራት ነው።

*

በጥር ወር መጀመሪያ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው ወደ ጥናት ክፍሉ መጣ። ስሙን አልተናገረም። ዘገባውን በእጁ ይዟል፤ ብዙ ገጾቹ ላይ በቀይ ተሰምሮባቸዋል። አቶ ከተማ ወንበራቸውን ለቀውለት ቆሙ።

«የጻፈችው እሷ ናት?» አለ ወደ ፈድሊያ እያመለከተ።

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አማርኛ ነው። ብዙ ነገር ተማርኩበት።» የቃላት መፍቻውን ገለጠ። «አፈንጋጭ። ከሌሎቹ የራቀ፣ የሚያዛባ። ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል። እኛም እንዲሁ ነው የምንለው። ይኼ አፈንጋጭ ማነው?»

«ሰው አይደለም። ቁጥር ነው። የስሌት ቃል ነው…»

«ቁጥር አንድ አንድ ብሎ አይመልስም። የሰው አፍ ነው የሚመልሰው።»

«ስም አልተመዘገበም። ለተጠያቂዎቹ ቃል ገብተናል።»

ሰውየው ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ሥራው ቀላል የሆነለት ሰው ፈገግታ ነበር። ከቦርሳው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የአዲስ ሕይወት መንደር ፕላን ነው። ረድፎቹ፣ ቤቶቹ፣ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ቁጥሩ። ጣቱ ቀስ ብሎ በሰባተኛው ረድፍ ላይ ሄዶ ቆመ።

ፈድሊያ ያን ጊዜ ነው የገባት። ምስጢር መጠበቂያ ብላ የጻፈችው ቁጥር የሰውየው በር ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው ነበር። ቁጥሩን ቀይሮ፣ የሚያገናኘውን ዝርዝር ለብቻው ቆልፎ ማስቀመጥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እሷ ግን ለሥራ እንዲቀል ብላ፣ ቤቱን መልሳ ለማግኘት እንዲመቻት ብላ፣ እንዳለ ገልብጣው ነበር።

«እባክዎ» አለች።

ሰውየው ፕላኑን አጥፎ ወጣ። አቶ ከተማ ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ።

*

አቶ ሙሐመድሳኒ መወሰዳቸውን የነገራት አብደላ ነበር። ለማኅበሩ ጉዳይ ጅማ መጥቶ ሂርማታ ገበያ አጠገብ አገኛት፤ ነግሯትም ቆሞ አላወራም፤ እየሄደ ነው የነገራት። በማግስቱ ፈድሊያ ወደ ሸቤ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረች፤ የቀረውን በእግሯ ሄደች።

ወይዘሮ ጠይባ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ሲያዩዋት ተነሥተው መቀመጫ ሰጧት። በደስታ ማለት ይቻላል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ ታውቂያለሽ። ምን አጠፋ? አብደላን ጠየቅኩት፤ አላውቅም ይላል። ማንንም አልሰደበ፤ ማንንም አልመታ። ምን አጠፋ ብለው ነው የወሰዱት?»

ፈድሊያ በመኪናው ላይ ሳለች ብዙ ነገር ልትል አስባ ነበር። «እኔ ነኝ፣ አዴ፣ እናቴ» አለች። «የነገሩኝን ጻፍኩት። ስም አልጻፍኩም፤ ግን የቤቱን ቁጥር ጻፍኩ። በሱ አገኟቸው።»

ወይዘሮ ጠይባ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ዞር ብለው በሩን አዩት። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ቁጥሩ ከውስጥ አይታይም።

«አምስት ጻፊ ብዬሽ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«አሁን መለወጥ አይቻልም? አንዱን አምስት ማድረግ? ሒሳብ አይደል?» አሉ ተጠግተው። ልመናቸው ከቁጣ የባሰ ነበር። «በአላህ ይዤሻለሁ፤ ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል። ለውጪው።»

«እለውጠዋለሁ» አለች ፈድሊያ።

ጅማ እንደ ደረሰች ደብዳቤ ጻፈች። ተጠያቂው መመሪያውን አልተረዱትም፤ አንድ ማለት አንደኛ፣ ከሁሉ የሚበልጥ መስሏቸው በደስታ ብዛት አንድ እያሉ የመለሱ ናቸው፤ ስሕተቱ መመሪያውን በቅጡ ያላስረዳችው የጠያቂዋ ነው ብላ አስረዳች። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችውን ነገር በአንድ ገጽ ሐሰት ሸፈነችው፤ ምንም አልመሰላት። ሐሰቱ በደንብ የተሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ አንደኛ የሚባለው ጎበዙ አይደል?

ካኪ ለባሹን ሰው ለማግኘት ሦስት ቀን ደጅ ጠናች። በአራተኛው ቀን አስገባት፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ታዲያ ይኼ ሰውዬ ከመንደሩ ሁሉ በጣም የተደሰተው ነው ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ይኼን ሳታረጋግጪ ነው ታማኝ መልስ ብለሽ የጻፍሽው?»

«ተሳስቻለሁ።»

«ስሕተትሽን ማመንሽ ጥሩ ነው። ዘገባው ይታረማል፤ አንቺም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል።»

«ሰውየውስ?»

«ወረቀቱ ተስተካከለ። የሰውየው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው» አለና ሌላ ፋይል ከፈተ።

ዘገባው በየካቲት እንደገና ታተመ። አሥራ ሰባተኛው ገጽ አዲስ ነበር። አማካዩ አራት ነጥብ ዘጠኝ አምስት ሆኗል፤ ልይይቱ «የሕዝቡን ሙሉ አንድነት የሚያሳይ» ተብሎ ተጠቅሷል። ያን ዐረፍተ ነገር የጻፉት አቶ ከተማ ናቸው። ሽፋኑ ላይ ግን የፈድሊያ ስም አለ።

በየእሑዱ ወይዘሮ ጠይባ ከሸቤ መጥተው እስር ቤቱ በር ላይ ምግብ ያቀብሉ ጀመር። ፈድሊያም አብራ ትቆማለች፤ ሴትዮዋ ቢያርፉ ብላ ዘንቢሉን ትይዝላቸዋለች። ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ብቻ ወይዘሮ ጠይባ፣ «አረጋግጠሽ ነው የለወጥሽው? አምስት ብለሽ ጽፈሻል?» አሏት። ጽፌያለሁ አለቻቸው። «እንግዲያ ለምን አይለቁትም?» አሉ። ወረፋው ተንቀሳቅሶ ወደ ፊት ሄዱ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር እስር ቤቱ ውስጥ የቅማል ትኩሳት ገባ። በሁለተኛው እሑድ ዘንቢሉ ሳይፈተሽ ተመለሰ። ጠባቂው የወይዘሮ ጠይባን ፊት ሳያይ፣ «እሱ ሐሙስ ዕለት ተቀብሯል» አለ። የት ብለው ጠየቁት። «ከሌሎች ጋር» አላቸው። ጀናዛውን ሳያዩ፣ ሳያጥቡ፣ ሳይሰግዱበት። ወይዘሮ ጠይባ አልጮኹም። ዘንቢሉን ከፈድሊያ እጅ ተቀብለው ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመሩ። ፈድሊያ ልትከተላቸው ስትል እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሟት።

*

በሦስተኛው ቀን ግን መቅረት አልቻለችም፤ ለቅሶ ሄደች። እናቷ ወይዘሮ መድና አብረዋት ሊሄዱ ፈልገው ነበር፤ እሷ እምቢ አለች። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። በሁለት መቶ አሥራ አራት ደጃፍ ሸራ ተወጥሮ ሰው ተቀምጧል፤ ሼሁ ዱዓ እያደረጉ ነበር። ፈድሊያ ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀመጠች።

ዱዓው ሲያበቃ ወሬ አልቀጠለም። በመጀመሪያ አጠገቧ ያለችው ሴት ልጇን አቅፋ ተነሣች። ከዚያ ሁለት ወንዶች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ፈልገው። ማንም ዓይኗን አላየም። ሁሉም በየጉዳዩ የተነሣ ይመስል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከሸራው ሥር የቀሩት ሼሁ፣ የሟች ወንድምና ፈድሊያ ብቻ ሆኑ።

ወይዘሮ ጠይባ ከቤት ወጥተው ክንዷን ይዘው አስነሧት፤ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዷት።

«አልረገምኩሽም» አሉ። ድምፃቸው ደርቋል። «መጀመሪያ ልረግምሽ ፈልጌ ነበር። ከዚያ እሱ ራሱ እውነቱን ጻፊ ያለሽ ትዝ አለኝ። የሱን ነገር ለአላህ ሰጥቻለሁ።»

«አዴ፣ እኔ…»

«ዝም በይ። ሰዉ ለባሌ ሊያለቅስ መጥቷል። አንቺ ስትቀመጪ ልቅሶውን ይፈራዋል። የሚጻፍ ይመስለዋል። እዚህ ካለሽ የሚያለቅስለት ያጣል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያ ሂጂ። ተመልሰሽ አትምጪ።»

ፈድሊያ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች በቤቶቹ ጀርባ፣ ማንም በማያያት በኩል ወጣች። መንደሩን ለቃ ወደ መንገዱ ስትደርስ ከኋላዋ የሴቶች ለቅሶ ከፍ ብሎ ተሰማ። ቆማ አዳመጠች። እሷ ስለሄደች ነው ያለቀሱት።

ሰኞ ጠዋት የሥራ መልቀቂያ ጽፋ ለአቶ ከተማ ሰጠቻቸው። አንብበው ለሁለት ቀደዱት፤ በቁጣ ግን አልነበረም።

«አሁን ከለቀቅሽ ለምን ለቀቀች ብለው ይጠይቃሉ» አሉ። «ከዚያ ደብዳቤሽን መልሰው ያነባሉ። ከዚያ መንደሩን። ሴትየዋ ገና እዚያ ናት።»

ፈድሊያ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ወረቀት ይመጣል፤ ታሰምራለች፤ ትደምራለች። አንድ ጊዜ ወይዘሮ መድና፣ «አሁን አሁን ዝም አልሽ፤ የሰው ሐሳብ መለካቱ ደከመሽ?» ራት ላይ አሏት፤ ፈድሊያ ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ቁጥሮቹን አሁን እንዳሉ ነው የምትቀበላቸው። ልይይቱን አታሰላውም፤ ማንም አልጠየቃትም።

በክረምቱ መጨረሻ ላይ ሊቀመንበር አብደላ ለማኅበሩ ማኅተም ጉዳይ መጥቶ በጥናት ክፍሉ በር ብቅ አለ። አልተቀመጠም። ወይዘሮ ጠይባ ሰኮሩ ወደሚኖሩት ወንድማቸው ሄደዋል አላት፤ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የሟቹን ቡና የሚለቅመው ስለሌለ ዱር ውጦታል፤ ከመንገዱ ሲያዩት የት እንደሚጀምር እንኳ አይለይም።

ፈድሊያ ቀና ብላ አየችው።

«እሺ» አለች።

አብደላ ሌላ የምትለው ነገር ካለ ብሎ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።